ሠላሳ እርምጃ መሬት

ቢሮዬ ውስጥ፣ ከወንበሬ ጀርባ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ተሰቅሎ የቆየ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ነበር። በፎቶው ላይ እኔ እስከ ወገቤ ጣና ውስጥ ገብቼ፣ የመሥሪያ ቤታችን ዓርማ ያለበት ነጭ ቲሸርት ለብሼ፣ እቅፍ ሙሉ እምቦጭ ይዤ እስቃለሁ። የእምቦጩ ሐምራዊ አበባ ደረቴ ላይ ተንዠርግጓል። ቢሮዬ የሚገባ እንግዳ ሁሉ ፎቶውን ሳያደንቅ አይወጣም ነበር። «አበባ የያዘች ሙሽራ ትመስያለሽ!» ያለችኝ ባልደረባም አለች።

ያን ፎቶ ከግድግዳው ያወረድኩት እኔው ራሴ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ያስወረደኝ አጎቴ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። ዛሬ ስለዚያ ጥያቄ፣ ስለ ቤተሰባችንና ስለ አንዲት የጣና ዳርቻ ቁራሽ መሬት ላጫውታችሁ።

ከደንገሉ ባሻገር

አባቴ የተወለደው ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ውስጥ፣ ከጣና ሐይቅ ጋር በምትዋሰን አንዲት ቀበሌ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ይሁንና አባቴ አገሩን እንድናውቅለት ስለሚፈልግ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ለጥምቀት ይዞን ይሄድ ነበር። ክረምት ላይ አይሞክረውም፤ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ስለሚያለብሱት መንገዱ ሁሉ ውኃ ይሆናል።

እዚያ «ሐይቅ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጣና «ባሕሩ» ነው። «ባሕሩ ሞላ»፣ «ባሕሩ ሸሸ»፣ «ባሕሩ ዛሬ ተቆጥቷል» ይባላል። ከአባቴ ወንድሞች መካከል በአያቶቻችን መሬት ላይ የቀሩት ታላቁ ናቸው። ሁላችንም «አያ» እንላቸዋለን።

በልጅነቴ በአያ እርሻና በባሕሩ መካከል ደንገል ነበር። ደንገል ስል እንደ ቄጠማ ያለ አጭር ሣር እንዳይመስላችሁ። ከትልቅ ሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ ጫፉ ላይ እንደ ጃንጥላ የሚበተን፣ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ግድግዳ ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከእሱ ነው። እኛ ልጆቹ ከግድግዳው ወዲህ ቆመን ውኃውን እንሰማዋለን እንጂ አናየውም። «ባሕሩ የታለ?» እያልን ስናስቸግር አያ ተራ በተራ ትከሻቸው ላይ ያወጡናል። ያኔ ከደንገሉ ባሻገር ውኃና ሰማይ ሲገናኙ እናያለን። አያቴ ደግሞ ከቤቱ ደጃፍ ሆነው «ጉማሬ አለ፣ እንዳትጠጉ!» ይላሉ። ለምሳ የሚቀርብልን ቀረሶ ከዚያው ዳርቻ የተያዘ ነበር።

ሁለት አውቶቡስ በጎ ፈቃደኞች

በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአገሩ ወሬ ሁሉ እምቦጭ ነበር። በቴሌቪዥን፣ በፌስቡክ፣ በታክሲ ውስጥ ሳይቀር ስለ ጣና ይወራል። ከየአቅጣጫው ወጣቶች፣ ተማሪዎች፣ አርቲስቶች ወደ ሐይቁ ይተማሉ። እኔ ያን ጊዜ የ26 ዓመት ወጣት ነበርኩ። የቢዝነስ ማኔጅመንት ዲግሪዬን ይዤ በአንድ ድርጅት የማርኬቲንግ ባለሙያ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ይህን አጋጣሚ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ለአለቆቼ አሥር ገጽ ዕቅድ ጽፌ አቀረብኩ። ፈቀዱልኝ።

በኅዳር ወር ሁለት አውቶቡስ ሞልተን፣ ከ80 በላይ ሆነን ሄድን። ቲሸርት፣ ኮፍያ፣ ባነር፣ ፎቶ አንሺ፣ ድሮን፤ ምንም የቀረ ነገር አልነበረም። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ የአጎቴን ቀበሌ መረጥኩ። ግማሽ ቀን ሠራን። እየነቀልን ከዳር አውጥተን ከመርነው። ማታ ባሕር ዳር ሆቴል ገብተን ተኛን። በማግስቱ ፎቶዎቹ በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቀቁ። ያን ያህል የታየ ነገር መሥሪያ ቤታችን ከዚያ በፊት አውጥቶ አያውቅም። በዓመቱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ።

አሁን ሳወራው ቀልድ ቢመስልም፣ ያን ቀን የወጣሁት ከልቤ ነበር። ላቡም ድካሙም እውነት ነበር። እግሬን ለአንድ ሳምንት ሲያሳክከኝ ሰንብቷል። ስህተቱ ከልብ አለመሆኔ አልነበረም። ስህተቱ ሥራው አለቀ ብዬ መመለሴ ነበር።

የአያ ጥያቄ

በ2011 ጥምቀት ከአባቴ ጋር ሄድን። ከቤት እንደደረስኩ የመጀመሪያ ሥራዬ ወደ ዳርቻው መውረድ ነበር። የነቀልንበት ቦታ ከቀድሞው በባሰ እምቦጭ ተሸፍኗል። ከምረነው የሄድነውን ክምር ደግሞ ክረምት ላይ ባሕሩ ሲሞላ መልሶ ወስዶታል። አያ በትራቸውን ይዘው ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ጥቂት ዝም ብለው አዩና እንዲህ አሉኝ፤

«አንች ልጅ፣ ያን ጊዜ የመጣችሁት አረሙን ልታነሡ ነበር ወይስ ፎቶ ልትነሡ?»

አባቴ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። አያ አልሳቁም። ሊያሳፍሩኝ እንዳልጠየቁኝ ገባኝ፤ የምራቸውን ማወቅ ፈልገው ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዳርቻውን ይዘን ረጅም መንገድ ሄድን። አያ ያዩትን ነገሩኝ። እኔም ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሁለቱን ስገጣጥማቸው ታሪኩ ይህን ይመስላል።

እምቦጭ የአገራችን ተክል አይደለም። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ በሰሜኑ በኩል፣ መገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነው። ከዚያ ንፋስና ማዕበል እየገፋው በምሥራቁ ዳርቻ ወረደ። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ግማሽ ቀን ነቅሎ መሄድ ማለት እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት።

ግን እምቦጩ ምን ይበላል? አፈር ነው የሚበላው፤ ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣ ማዳበሪያና ከከተሞች የሚወርድ ፍሳሽ ነው የሚያደልበው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር አይበልጥም። ከሚገባበት ውኃ አብዛኛውን የሚያመጡት አራት ወንዞች ናቸው፤ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ ያልፋሉ። ክረምት ላይ ቀለማቸው ውኃ አይመስልም፣ የሚፈስ ጭቃ ነው።

ድሮ ያ ጭቃ ባሕሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ደንገሉና ረግረጉ ይቀበሉት ነበር። የውኃው ፍጥነት እዚያ ይበርዳል፣ አፈሩ ይቀራል፣ የጠራው ያልፋል። በጠላ ቤት ወንፊት የሌላትን ሴት አስቡ፤ የኛ ዳርቻ እንደዚያ ነው የሆነው። ቀረሶም የሚራባው እዚያው ዳርቻ ላይ፣ በሣሩ መካከል ነው። ደንገሉ ሲጠፋ የዓሣው መዋለጃ አብሮ ይጠፋል።

«ታዲያ ደንገሉን ማን አጠፋው?» ብዬ ጠየቅኩ። ስሙን የምጠራው አንድ ጥፋተኛ የማገኝ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ነኛ» አሉ አያ።

ባሕር ሸሽ

በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ጠፍቶ ባሕሩ አይተውት እስከማያውቁት ድረስ ሸሸ። መሬቱ ወጣ። እንዲህ ያለውን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይሉታል። ጥቁር፣ ለም፣ እርጥበቱን የያዘ አፈር ነው። ያለ ዝናብ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ጎረቤት ሁሉ ባሕሩን ተከትሎ አረሰ። አያም አረሱ። አምስት ልጆች ነበሯቸው፣ ያላቸው መሬት ደግሞ አራት ቃዳ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ያህል ነው። ደንገሉን አጨዱት፣ ሥሩን አቃጠሉት። ባሕሩ ሲመለስ ደንገሉ አብሮት አልተመለሰም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1998 ክረምት መጨረሻ፣ ተቃራኒው መጣ። ዝናቡ በአንዴ ወረደ፤ ፎገራም ደንቢያም ሊቦ ከምከምም በጎርፍ ተጥለቀለቁ። ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጣ። የአያ ቤተሰብም ከብቶቹን እየነዳ ወደ ከፍታው ወጥቶ ሳምንታት ዘመድ ቤት ሰነበተ። አያ አሁንም የሚሉት ይህንን ነው፤ «ዱሮም ባሕሩ ይመጣል። ግን ቀስ ብሎ፣ እያስነገረ ነው የሚመጣ። አሁን ዝናቡም እንደ ዱሮው አይደለ። ሲቀር ይቀራል፣ ሲመጣ በአንድ ሌሊት ነው። ደንገሉ ቢኖር ባያስቀረውም ያዘገየው ነበር።»

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። እንደዚህ ግልጽ አድርጎ ያስረዳኝ ግን የለም። ዝናቡን እኛ ብቻችንን ልንመልሰው አንችልም። ዝናቡ በበዛም ባነሰም ጊዜ መካከል ላይ ቆሞ የሚያቻችለን ግን ዳርቻው ነበር። እሱን ነው በእጃችን ያነሣነው።

እናም የከተማ ልጅ አይደለሁ፣ መፍትሔው ወዲያው ታየኝ። «አያ፣ ታዲያ ዳርቻውን ለምን አይተዉትም? ደንገሉ ይመለስ።»

«እሽ፣ ልተወው» አሉኝ። «ሽምብራውን ማን ይሰጠኛል?»

መልስ አልነበረኝም። አራት ዓመት ቢዝነስ የተማርኩት እኔ፣ ስለ ዋጋ ያልጠየቅኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

የቲሸርት ሒሳብ

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ መንገድ ላይ ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ። ዳርቻው ላይ ሠላሳ እርምጃ ስፋት ያለው መሬት ቢተው አያ በዓመት የሚያጡት ሁለት ኩንታል ያህል ሽምብራ ነው። በጊዜው ዋጋ አባዛሁት። ከዚያ ለዘመቻችን ያሠራናቸውን ቲሸርቶች ዋጋ አሰብኩ። ቲሸርቶቹ ብቻ የአምስት ዓመት ሽምብራ ይገዙ ነበር። አውቶቡሱን፣ ሆቴሉንና ድሮኑን አልጨመርኩም፤ ለመጨመር ድፍረቱ አልነበረኝም። ፎቶውን ያወረድኩት በዚያ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ነው።

ከዚያ በኋላ ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት ማንበብ ጀመርኩ። ልቤን የነካኝ ከጎረቤታችን ኬንያ ያገኘሁት ነው። ከሞምባሳ በስተደቡብ፣ በህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ጋዚ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። እዚያ ማንግሮቭ የሚባል፣ ሥሩን ጨው ውኃ ውስጥ ተክሎ የሚያድግ ዛፍ ይበቅላል። ዛፉ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ሲመናመን ዳርቻውም ዓሣውም ተጎዳ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የጋዚና የማኮንጌኒ መንደር ሰዎች ከባሕር ተመራማሪዎች ጋር ሆነው 117 ሄክታር ማንግሮቭ እየጠበቁና እየተከሉ፣ ዛፉ ከአየር የሚወስደውን ካርቦን ለሚፈልጉ ገዢዎች ይሸጣሉ። ስሙ «ሚኮኮ ፓሞጃ» ይባላል፤ በስዋሂሊ «ማንግሮቭ በጋራ» ማለት ነው። ገንዘቡ ለመጠጥ ውኃና ለትምህርት ቤት ይውላል። በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት መንደርተኞቹ ናቸው።

እኔን የገረመኝ ካርቦኑ አይደለም። የገረመኝ ዳርቻውን የሚጠብቀው ሰው ኪሳራውን ብቻውን እንዳይሸከም መደረጉ ነው። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ሁላችንም ኮርተናል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሐይቁ ውኃ በዋሻ አልፎ ጣና በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችሉ ተርባይኖችን ያዞራል። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ይህን የምጽፍበት መብራት ውስጥ የጣና ድርሻ አለበት። ታዲያ ኩራቱና መብራቱ የሁላችን ሆኖ ሽምብራው የአያ ብቻ ሊሆን ነው?

«በእኔ መሬት ትጸድቃላችሁ»

የካርቦን ገበያ መክፈት አልችልም። ዕቁብ መጣል ግን እችላለሁ። በዚያው ዓመት ፋሲካ ቤተሰቡ አባቴ ቤት ተሰብስቦ ዶሮውን ከበላን በኋላ ነገሩን አነሣሁት። አዲስ አበባ ያለን ወንድምና እህት፣ የአጎትና የአክስት ልጆች ስድስት ነን። እያንዳንዳችን በወር ትንሽ ትንሽ ብናዋጣ ለአያ የሚተካ ገንዘብ እንደሚሆን በወረቀት ላይ አሳየሁ።

ሁሉም አልተስማማም። «ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው» ያለ ነበር። ወንድሜ ደግሞ «አንድ ዓመት እናዋጣ ይሆናል፤ ከዚያ ስንረሳውስ?» አለ። እሱ ያነሣው ከባድ ነበር። ከሁሉም የከበደው ግን በስልክ የመጣው ነው። የአያ የመጨረሻ ልጅ አብሯቸው የሚኖረው፣ ሊያገባ ያሰበው፣ ያችን የዳርቻ መሬት ሲድር አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገነው ነበርና ሁላችንም ሰማነው፤

«እናንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ በእኔ መሬት ልትጸድቁ ነው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነቱን ነበር። እኛ የምናጣው በወር አንድ ቀን ከጓደኛ ጋር የምንበላውን ምሳ ነው። እሱ የሚያጣው ትዳር የሚይዝበትን መሬት ነው።

ለሁለት ወር ተነጋገርን። አንዳንዴም ተኳረፍን። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ገንዘቡ ለአያ ሳይሆን ለልጃቸው ይከፈላል፤ ጠባቂው እሱ ነው። መሬቱም የእሱ መሆኑ አይቀርም። ከሠላሳው እርምጃ ውስጥ የሚታጨደው ሣርና፣ ሲደርስ ደግሞ ደንገሉ፣ ሽያጩ የእሱ ነው። ደንገሉ ከሥሩ እስካልተነቀለና እስካልተቃጠለ ድረስ ማጨድ አይገድለውም። ስምምነቱ ለአምስት ዓመት ነው። በሽማግሌ ፊት ተጽፎ ተፈረመ። አያ በጣታቸው ፈረሙ።

ስንቱ ጸደቀ?

ታኅሣሥ 2012 ላይ፣ ባሕሩ መሸሽ ሲጀምርና ጭቃው ሳይደርቅ፣ ደንገል ካለበት ዳርቻ ባለቤቶቹን አስፈቅደው ሥሩን እየቆረጡ አምጥተው ተከሉ። እኔ አልሄድኩም፤ ሆነ ብዬ ነው ያልሄድኩት። ፎቶ ላኩልኝም አላልኩም።

የመጀመሪያው ዓመት አልተሳካም። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብት በልቅ ስለሚሰማራ ለምለሙን ሁሉ በላው። የአጎቴ ልጅ ደውሎ ሲነግረኝ እንደሚስቅብኝ ጠብቄ ነበር። «አጥር ሳናጥር መትከላችን ሞኝነት ነው። ለከርሞ በእሾህ አጥረዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የእናንተ ደንገል» ማለቱን ተወ። «ደንገሌ» ማለት ጀመረ።

በጥቅምት 2013 በጣና ላይ ለአንድ ወር ትልቅ የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ሲካሄድ እሱም ከጎረቤቶቹ ጋር ወጣ። ያኔ የነቀሉትን ከውኃው አርቀው ነው የደፉት። ዘመቻው እንዳለቀም አጥሩን አጥሮ እንደገና ተከለ። ይሄኛው ያዘ። ሁሉም አይደለም፤ ግማሽ ያህሉ። በ2014 በጦርነቱ ምክንያት ማናችንም መሄድ አልቻልንም። ገንዘቡን ግን በየወሩ ላክን። ወንድሜ፣ ያ «ስንረሳውስ?» ያለው፣ ሰብሳቢ ሆኖ አንድም ወር አላሳለፈም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጎረቤቶች እንደ እኛው ዳርቻቸውን ትተዋል። ልጆቻቸው ባሕር ዳርና ጎንደር ሥራ ያላቸው ናቸው። በመካከል ያሉት አንድ አባት ግን እስከ ውኃው ጠርዝ ያርሳሉ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው ከብቱም ጎርፉም የሚገባው በእሳቸው በኩል ነው። አንድ ጊዜ በስልክ ስለእሳቸው ሳማርር አያ ገሠጹኝ። «እሱ አዲስ አበባ የሚልክለት የወንድም ልጅ የለውም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አማርሬ አላውቅም። የእኛ ዘዴ የዘመድ ዕድል ያለው ሰው ዘዴ ነው። ዘመድ ለሌለው ሰው ደግሞ ዘመድ መሆን ያለበት ሌላ አካል ነው፤ መሥሪያ ቤቶች፣ ከተሞች፣ ከሐይቁ የምንጠቀም ሁላችን።

ለዚህ ነው በሥራ ቦታዬም አቀራረቤን የቀየርኩት። ባለፈው ዓመት የማኅበራዊ ኃላፊነት በጀት ሲወጣ ያቀረብኩት ዕቅድ ቲሸርት አልነበረበትም። ለሦስት ዓመት የሚቆይ፣ ለአጥርና ለጠባቂ የሚከፈል፣ በየዓመቱ የሚቆጠር ሥራ ነበር። «ስንት ሰው ያየዋል?» ተብዬ ተጠየቅኩ። ድሮ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይኸው ነበር። «ስንቱ እንደጸደቀ ነው የምቆጥርላችሁ» አልኳቸው። ከጠየቅኩት ግማሹን ፈቀዱ። ግማሹም ከምንም ይሻላል ብዬ ጀምሬዋለሁ።

እናንተም ቤት

ይህን የጻፍኩት ሁላችሁም ጣና ዳር መሬት አላችሁ ብዬ አይደለም። ግን አብዛኞቻችን የተነሣንበት ቦታ ላይ አንድ ወንዝ፣ አንድ ምንጭ ወይም አንድ ሐይቅ አለ። በእሱ ዳርም የቀረ አንድ አጎት ወይም አክስት አይጠፋም። በዓል ሲመጣ ስኳርና ቡና ይዘን እንጠይቃቸዋለን፣ ማርና ቅቤ ይዘን እንመለሳለን። በዚህ ዓመት አንድ ጥያቄ ጨምሩበት። «ዳርቻው እንዴት ነው?» በሏቸው። ተጎድቷል ካሏችሁ ምን መተው እንዳለበት ብቻ ሳይሆን፣ ሲተው ማን ምን እንደሚያጣም ጠይቁ። ከዚያ ስሌቱን አብራችሁ ሥሩ። ችግኝ ለመትከል አንድ ቀን ይበቃል። ዳርቻ ለመመለስ ግን ዓመታትና የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ስምምነታችን በሚቀጥለው ዓመት ያበቃል። የአጎቴ ልጅ አግብቷል፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ሽምብራውን መልሼ ልዝራ ቢል ልንከለክለው አንችልም፤ ቃላችን አምስት ዓመት ነበር። ስጠይቀው «እናያለን» ይላል። እኔም ከዚያ በላይ አልጫነውም።

ባለፈው ጥምቀት የሦስት ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። አያ አርጅተዋል፤ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይውላሉ። እምቦጩ አልጠፋም። ንፋሱ ሲነሣ አሁንም ሐምራዊ አበባው እየተንሳፈፈ ይመጣል። ደንገሉ ግን የእኔን ቁመት አልፎታል። ጧት የአጎቴ ልጅ በሠላሳዋ እርምጃ ዳር ሲመራን፣ ልጄ ቆም አለችና ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«ባሕሩ የታለ?» አለችኝ።

አጎንብሶ አነሣትና ትከሻው ላይ አወጣት።